አርባው መጠይቅ

ጌንት፣ ቤልጂየም
ጥቅምት 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ጋሼ ይስሃቅ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? እማማ አሰፋችስ ጉልበታቸውን ተሻላቸው? የአሰላ ንፋስ እንዳይጎዳቸው ቅዱስ ሚካኤል ይጠብቃቸው፤ ዛሬ ዕለቱም ነው። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እዚህ ዝናቡ እንደ በቆጂ ሐምሌ ሳያባራ ይውላል፤ የሚጎድለው ጭቃው ብቻ ነው።

በቴሌግራም ልጽፍልዎ አስቤ ተውኩት። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ለተግባር ልምምድ ቢሮዎ ስመጣ የመጀመሪያ ዜናዬን በቀይ እስክሪብቶ አቅልተው «ቦታና ቀን የሌለው ጽሑፍ ወሬ ነው» ብለውኝ ነበር። ስለዚህ በኢሜይልም ቢሆን ደብዳቤ ልጻፍ ብያለሁ።

ጉዳዬ ይህ ነው። የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፌ በከፍተኛ ትምህርት ተቋማት የሕዝብ ግንኙነት ሥራን የሚያሻሽሉትና የሚያደናቅፉት ነገሮች ምን እንደሆኑ የሚመረምር ነው። ባጭሩ፣ አንዱ ክፍል እንዴት ሥራ ይሠራል፣ ሌላው ለምን ባነር ሲሰቅል ይኖራል የሚል ነው። ሦስት ተቋማት መርጫለሁ። አንዱ እርስዎ ያሉበት ገለማ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ነው።

መጠይቁን እንዳይነካካ በፒዲኤፍ አያይዤዋለሁ። አርባ ቅጂ አሳትመው ለመምህራን፣ ለአስተዳደር ሠራተኞችና ለጥበቃዎች ቢያድሉልኝ፣ አንዱንም እርስዎ ቢሞሉልኝ ውለታዎን አልረሳም። ስም አይጻፍበትም። አማካሪዬ «የሚጠናው ክፍል ኃላፊ ራሱ መጠይቅ ማደሉ ልክ አይደለም» ብላ ነበር። «ይህ ሰው ቁጥር አያዛባም» ብዬ ተከራከርኩላት።

እናቴ በስልክ ስነግራት «ይስሃቅ ከያዘው ምን ያስጨንቅሻል?» አለችኝ። እርስዎ የሚጽፉበትን የኮሌጁን መጽሔት ዛሬም ከራስጌዋ አታነሳውም። የእኔ የምረቃ ፎቶ ግን የት እንደገባ አታውቅም።

አክባሪዎ
ኤፍራታ


አሰላ፣ ኅዳር 29 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጃችን ለኤፍራታ፣

ሰላምሽ ይብዛ። የባዕድ አገር ብርድ አይንካሽ። እናቴ ደህና ናት፤ ጉልበቷ እንጂ ምላሷ አልደከመም። ደብዳቤሽን ሳነብላት «የየውብዳር ልጅ ባሕር ተሻግራ ትማራለች፤ የእኔው ከመሰላል ወርዶ አያውቅም» አለች። ያን ሰሞን የምረቃ ባነር ስሰቅል አይታኝ ነው።

መልሴ ስለዘገየ አትቀየሚኝ። መከር ነው። ከሠራተኛው ግማሹ የኮምባይነር ወረፋ ለመያዝ ጮሌ ወረዳ ሄዷል፤ ቀሪው የሄዱትን እያማ ይውላል። መጠይቁን አሳትሜያለሁ። ሰው ሲመለስ ይታደላል።

አንብቤዋለሁ። ጥሩ ሞክረሻል። ጥያቄ 14 ላይ ግን ቆም አልኩ። «የክፍሉ ኃላፊ በሥራ አመራር ስብሰባ ላይ ይገኛል?» ይላል። ምን ብዬ ልሙላ? እገኛለሁ። ካሜራ ይዤ እገባለሁ፣ ስድስት ፎቶ አነሳለሁ፣ ከዚያ ፕሬዚዳንቱ ዶክተር እንደሻው «እናመሰግናለን አቶ ይስሃቅ» ይላሉ፤ እወጣለሁ። በሩ ከኋላዬ ይዘጋል። ከሰዓት በኋላ «በውይይቱ ጠቃሚ ሐሳቦች ተነስተዋል» ብዬ እጽፋለሁ። የቪዲዮ ባለሙያችን ሊበን ሁልጊዜ ኮሪደር ላይ ይጠብቀኛል።

«ኦቦ ይስሃቅ፣ ምን ተወሰነ?»

«ጠቃሚ ነገር።»

«ባለፈውም ጠቃሚ ነበር እኮ!»

«አሁን ደግሞ የበለጠ ጠቃሚ ነው።»

እንግዲህ ይህ በመጠይቅሽ አምስት የመልስ ሳጥኖች ውስጥ የት እንደሚገባ አንቺ ታውቂያለሽ።

አሁን የምትማሪበት የነፃ ትምህርት ዕድል ማስታወቂያ ከሦስት ዓመት በፊት በእኔ ጠረጴዛ በኩል ነው ያለፈው። ማኅተም ያደረግሁበትም፣ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩትም እኔ ነኝ። «ዕድሜ ከሠላሳ አምስት ዓመት ያልበለጠ» ይላል። እኔ ያኔ አርባ አንድ ነበርኩ። ያየሽው እዚያው ሰሌዳ ላይ እንደሆነ እናትሽ ነገረችኝ። ሰሌዳችን ለሰው ይጠቅማል ማለት ነው፤ ይህንን በጥናትሽ ልትጠቅሺው ትችያለሽ።

ካልከበደሽ ያገለገለ የካሜራ ሌንስ ቢገኝ ላኪልኝ። የእኛው ከርቀት ሲያነሳ የሰው ፊት ያደበዝዛል፤ የኋላ ወንበር እንግዶች ሁሉ ወንድማማች መስለዋል።

ዘመድሽ
ይስሃቅ ገብረወልድ
የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ኃላፊ


ጌንት፣ ታኅሣሥ 4 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ጋሼ ይስሃቅ፣

እርስዎም እማማም ሰላም ናችሁ? የጥያቄ 14 መልስዎን ለአማካሪዬ ተርጉሜ ነገርኳት። «ይህ ሰው የጥናቱን አንድ ምዕራፍ በአንድ አንቀጽ ጽፎታል» አለች። ተደሰትኩ፤ ትንሽም ከፋኝ። እኔን እንደዚያ ብላኝ አታውቅም።

ሌንሱን አግኝቻለሁ። የገናን በዓል ከቤተሰቡ ጋር ሊያሳልፍ በሚመጣ ሰው እልከዋለሁ።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ዶክተር እንደሻው ሰኞ ዕለት በኢሜይል ጽፈውልኝ ነበር። የሕዝብ ግንኙነት ክፍሉን እንደ አዲስ ሊያደራጁ፣ መደቡንም በዳይሬክተር ደረጃ ሊያደርጉት እንደሆነ ነገሩኝ። ስሜንና ጥናቴን እርስዎ ነግረዋቸው መስሎኛል፤ አመሰግናለሁ። ሌላም ነገር አንስተዋል፤ እሱ ይቆየን። በኢሜይላቸው እርስዎን «ተጠባባቂ ኃላፊ» ብለው ጠርተዋል። የጽሕፈት ስህተት ነው ብዬ አለፍኩት።

መጠይቁስ ታደለ?

አክባሪዎ
ኤፍራታ


አሰላ፣ የካቲት 17 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለኤፍራታ፣

በያለሽበት ጤናሽ ይጠበቅ። ገና አለፈ፣ ጥምቀትም አለፈ፤ ሁለቱንም በሰላም እንደዋልሽ እናትሽ ነግራኛለች። ሌንሱ ደርሶኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ሰው ከሩቅ በደንብ ይታየኛል።

የጽሕፈት ስህተት አይደለም። ስድስት ዓመት ከአራት ወር ተጠባባቂ ነኝ። በመጀመሪያው ደብዳቤ ላይ «ቋሚ ኃላፊ እስኪመደብ ድረስ» ይላል። በየዓመቱ መስከረም ላይ ያው ደብዳቤ ቀኑ ብቻ ተቀይሮ ይደርሰኛል። ለእናቴ «ኃላፊ ሆንኩ» ብያት ስለነበር ለሌላው ሰውም እንደዚያው ቀረ።

ዶክተር እንደሻው ስለጻፉልሽ አልሰማሁም ነበር። ስለ አንቺም አልነገርኳቸውም። የኮሌጁን ዜና ለአገር የማወራው ሰው የኮሌጁን ዜና ከቤልጂየም መስማቴን ለሊበን ስነግረው «ፈረንጅ አገር ኔትወርኩ ጥሩ ነው» አለኝ።

የዳይሬክተሩ መደብ በዚህ ሳምንት ወጥቷል። ማስታወቂያውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ለሌላ ሰው ጽፌ ለጠፍኩ እንዳልል ማመልከቻዬን የመጀመሪያ አድርጌ አስገባሁ። ከአሁን በኋላ የሚያልፈኝ ከሆነ ጡረታ እስክወጣ እዚያው መሰላል ላይ እቀራለሁ። ስለዚህ አንድ ልመና አለኝ። ሥራዬን የምታውቂ፣ በውጭ የተማርሽ ባለሙያ እንደመሆንሽ የድጋፍ ደብዳቤ ጻፊልኝ። የአማካሪሽ ስምም ከታች ቢኖርበት ክብደት ይኖረዋል። ይህን ከአንቺ መለመን ቀላል እንዳልሆነልኝ አትጠራጠሪ።

አርባው መጠይቅ ተሞልቶ ስካን ተደርጎ ተያይዟል። ሠራተኛው ጥሩ ተባብሯል።

ይስሃቅ ገብረወልድ


ጌንት፣ መጋቢት 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለጋሼ ይስሃቅ፣

ሰላምታዬ ለእርስዎም ለእማማም ይድረስ።

የዘገየሁት መጠይቁን ስቆጥር ነው። ጥያቄ 23 ላይ ተሳስቼ «ሕዝብ» የሚለውን በሃሌታው «ህ» ጽፌዋለሁ። በአርባውም ወረቀት ላይ «ህ» ተሰርዞ ከበላዩ ሐመሩ «ሕ» ተጽፏል። መምህሩ አርሞታል። የሬጅስትራር ሠራተኛዋ አርማዋለች። የትምህርት ደረጃውን «ስምንተኛ ክፍል» ብሎ የሞላው ጥበቃም አርሞታል። እስክሪብቶ ቀያይረዋል። ጥቂቱን በግራ እጅዎ የጻፉት ይመስለኛል። አንዱን አጣጥፈው ኪስ ውስጥ የከረመ አስመስለውታል። «ሕ»ን ግን ማለፍ አልቻሉም።

መጀመሪያ ሳቅሁ። ከዚያ ጥናቴ በሰኔ እንደሚቀርብ ትዝ አለኝና ሳቄ ቆመ። አማካሪዬ ፊት ስለ እርስዎ የተናገርኩትንም አስታወስኩ። አርባውንም ጥዬ፣ «የገለማ መረጃ አስተማማኝ ስላልሆነ እንደገና ይሰበሰባል» ብዬ ነገርኳት። ለምን እንደሆነ አልነገርኳትም።

ሠላሳ ዘጠኙ ሰው «የክፍሉ ኃላፊ ለሥራው ብቁ ነው» ለሚለው «በጣም እስማማለሁ» ብሏል። አንዱ ብቻ «አልስማማም» ይላል። እውነት እንዲመስል ነው ያስገቡት?

የድጋፍ ደብዳቤውን አልጽፍም፤ ምክንያቱ ይህ ብቻ ግን አይደለም። ዶክተር እንደሻው በታኅሣሥ ያነሱት ሌላው ነገር ያ መደብ ነበር። «ስትጨርሺ መጥተሽ ያዥው» ብለውኛል። እምቢ አላልኩም። እሺም አላልኩም። ለእርስዎ ግን አልነገርኩም። እርስዎን መውቀስ የምችለው በዚህ ልክ ቀንሼ ነው።

ኤፍራታ


አሰላ፣ መጋቢት 10 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለኤፍራታ፣

ሰላምታው ይቅርብኝ፤ ዛሬ አፌ ላይ አይመጣም።

እውነት እንዲመስል አይደለም። «አልስማማም» ያለው እኔ ነኝ። የራሴ ወረቀት እሱ ብቻ ነው።

አርባው ቅጂ መሳቢያዬ ውስጥ ሁለት ወር ተቀመጠ። አንድ ቀን ይዤው ተነሳሁና የመምህራን ክፍል በር ላይ ደርሼ ተመለስኩ። አርባ ሰው ይፈርድብኛል፤ ፍርዱን ቁጭ ብላ የምትቆጥረው ደግሞ ዜና ምን እንደሆነ ያስተማርኳት ልጅ ናት። ሌላ አጥኚ ቢሆን አድለው ነበር፤ የፈለጉትን ይበሉኝ ነበር። አንቺ እንድታይው አልፈለግሁም። ስሞላ ለየሰዉ ድምፅ ሰጠሁት። ለጥበቃው፣ ለቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ፣ ለዲኑ። ሁሉም አመሰገኑኝ። እንደዚያ ተመስግኜ አላውቅም። መጨረሻ ላይ የራሴን ወረቀት ሳነሳ፣ ስድስት ዓመት «ጠቃሚ ሐሳቦች ተነስተዋል» ሲል የኖረ ሰው ለሥራው ብቁ ነው ማለት አልቻልኩም።

ሌላም ልንገርሽ። «ጥናቷ ቢበላሽስ?» የሚለው ሐሳብ መጥቶብኝ ነበር። ሲመጣ አላባረርኩትም። ደስ ብሎኛል።

የአንቺ ነገር ደግሞ አለ። የስድስት ዓመት ጥበቃዬ ለአንቺ በኢሜይል «መጥተሽ ያዥው» ሆኖ ሲላክ እኔ ድጋፍ ለመለመን እጄን ዘረጋሁ። አንቺ እያወቅሽ ልመናዬን አነበብሽ። ይቅርታ ልጠይቅሽ ወይስ ይቅርታ ልጠብቅ፣ አልለየልኝም።

ለፕሬዚዳንቱ ብትነግሪ አልክድም።

ይስሃቅ


ጌንት፣ ሰኔ 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለጋሼ ይስሃቅ፣

እንዴት ከረሙ? ክረምቱ ገብቶባችኋል ሲሉ ሰማሁ። ለእማማ ጉልበት እንዲሞቃቸው አንድ የሱፍ ሹራብ ልኬያለሁ፤ ከበቆጂ ከእናቴ ዘንድ ይውሰዱላቸው።

መጠይቁን በሚያዝያ ሊበን አደለልኝ። «ኦቦ ይስሃቅ የነገረህ ነገር አለ?» ብዬ ብጠይቀው «ለሁሉም ስጥ፣ ለእኔ ግን አትስጠኝ ብሎኛል» አለኝ። በአራት ቀን ሠላሳ አምስት ተመለሰለት። ባይጠይቁኝም ውጤቱን እጽፍልዎታለሁ፤ በጎረቤት አፍ ከሚሰሙት ይሻላል። ሃያ ሰባቱ ለሥራው ብቁ ነዎት ብለዋል። ሁለቱ አልተስማሙም። ስድስቱ አያውቁዎትም፤ አንዱ እንዲያውም በዳር በኩል «ፎቶ አንሺው ነው?» ብሎ ጽፏል።

ይህን ሳይ ምን እንደተሰማኝ ልደብቅዎ አልችልም። ቀናሁ። ሃያ ሰባት ሰው ስሙን ሳይጽፍ፣ ማንም ሳያየው፣ «ይችላል» ብሎ የሚመሰክርልኝ ቦታ የለኝም። ልጅ ሆኜ የትምህርት ቤት ውጤቴን ለእናቴ ሳሳያት «ይስሃቅ በአንቺ ዕድሜ ጋዜጣ ያነብ ነበር» ትለኝ ነበር። ወደዚህ ሙያ የገባሁት እርስዎን ወድጄ ይመስልዎታል። እርስዎን ለማለፍ ነው።

የጥናቴ ድምዳሜ እርስዎ ከሚያውቁት የተለየ አይደለም። የበጀት እጥረት፣ የሥልጠና እጥረት፣ የመሣሪያ ማርጀት በሦስቱም ተቋም አለ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን በሩ ነው። ውሳኔ ሲወሰን ውስጥ የተቀመጠ ሰው ስለ ውሳኔው ይጽፋል፤ እንዲወጣ የተደረገ ሰው ስለ ሻይ ዕረፍቱ ይጽፋል። የቱንም ያህል ጎበዝ ጸሐፊ ቢሆን።

ስለ አርባው ወረቀት ለማንም አልተናገርኩም። እንደ ደግነት አይቁጠሩብኝ። ብናገር እርስዎ ከውድድሩ ይወጣሉ፤ እኔ ያለ ተፎካካሪ እገባለሁ፤ እናቴም እስክትሞት «ይስሃቅ ቢወዳደር ኖሮ» ትላለች። ለዶክተር እንደሻው ሁለት ነገር ጻፍኩ። ያለ ፈተና አልመጣም አልኩ። መደቡን የያዘው ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ በሥራ አመራሩ ስብሰባ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይቀመጥ አልኩ። ሁለቱንም ተቀብለዋል። የጽሑፍ ፈተናው በሐምሌ ነው፤ እኔ እዚህ አገር ባለው ኤምባሲያችን ተቀምጬ እፈተናለሁ። ወረቀቱ በመለያ ቁጥር ስለሚታረም ማን የማን እንደሆነ አራሚው አያውቅም።

በደንብ ይዘጋጁ። ካልተዘጋጁብኝ ባልፍዎም አይቆጠርልኝም።

ኤፍራታ


አሰላ፣ ነሐሴ 24 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለኤፍራታ፣
በቆጂ

እንኳን ለአገርሽ አፈር አበቃሽ። እናትሽ ባለፈው እሑድ መግባትሽን ደውላ ነግራናለች። እናቴ ሹራቡን ከትከሻዋ አላወረደችውም። «ይህንን የላከች ልጅ ዳይሬክተር ብትሆን ምን ያንሳታል?» ትላለች፤ እኔ እዚያው ተቀምጬ።

ውጤቱን ረቡዕ ዕለት ሰሌዳ ላይ ለጠፍኩ። አንቺ 84 ከግማሽ፣ እኔ 81። ሦስተኛው ሰው 62 ነው፤ እሱን ማንም አላነበበውም።

ሐሙስ ጠዋት ቅሬታ አስገባሁ። ደንቡ ይፈቅዳል። የሰው ሀብት ክፍል ሁለቱንም ወረቀት አውጥቶ ሰጠኝ። አንድ ሰዓት ተኩል ቁጭ ብዬ ያንቺን አነበብኩ። ፈተናው «በተማሪዎች የውሃ ቅሬታ ላይ ኮሌጁ የሚሰጠውን መግለጫ ጻፉ» የሚል ነበር። እኔ «ኮሌጁ ለችግሩ ትኩረት ሰጥቶ እየሠራ ይገኛል» ብዬ ጀመርኩ። አንቺ «በሁለቱ የሴቶች ማደሪያ ሕንፃዎች ከማክሰኞ ጀምሮ ውሃ የለም» ብለሽ ጀመርሽ። ስህተት ፈለግሁ። የቃል፣ የፊደል፣ የሐሳብ። አንድ ባገኝ ኖሮ ይቀለኝ ነበር። ቅሬታዬን ትቼዋለሁ ብዬ በእጄ ጽፌ አስገባሁ።

ከሰዓት በኋላ ሊበን ጠረጴዛዬ ላይ መጥቶ ተደገፈ።

«ኦቦ ይስሃቅ፣ የሹመቱን ዜና እኔ ልጻፈው?»

«አንተ የአባቷን ስም ትሳሳታለህ።»

«ጠይቄ እጽፋለሁ።»

«ፎቶዋንም በጎን በኩል ታነሳለህ።»

«ችግሩ የእኔ ፎቶ ከሆነ መልካም» ብሎ ሄደ። ይህ ሰው በአንቺም ማሾፉ አይቀርም፤ ከአሁኑ ልመጂው።

ዜናውን ጻፍኩት። ቦታና ቀን አለው። የትምህርት ደረጃሽ አለ፣ የጥናትሽ ርዕስ አለ፣ በውድድር ማለፍሽ አለ። «ብቃት ያላት» የሚል ቃል አላስገባሁም፤ ነጥቡን አስገባሁ፣ እሱ ይበቃል። ዛሬ አራት ሰዓት ላይ በኮሌጁ ገጽ ላይ ወጣ።

ዝውውር ለመጠየቅ አስቤ ነበር። ቤተ መጻሕፍት ክፍት ቦታ አለ። ቅጹን ሞልቼ ዋልኩ። ለማይችሉ አለቆች መታዘዝ ሃያ ዓመት ለምጄዋለሁ፤ ሰውዬው ስህተት ሲሠራ ውስጤ ይሞቅ ነበር፣ በዚያች ሙቀት እየኖርኩ ዕድሜዬ ሄደ። ለሚችል አለቃ እንዴት እንደሚታዘዝ ግን አላውቅም። ከአንቺ በታች መሥራት የሚከብደኝ የማይገባሽ ስለሆነ አይደለም። ቢሆን ኖሮ ደስ እያለኝ እሠራ ነበር። ቅጹን እስካሁን አላስገባሁም፤ ለምን እንዳላስገባሁም በትክክል ልነግርሽ አልችልም።

ሰኞ ጠዋት የሥራ አመራር ስብሰባ አለ። ስምሽ ያለበት ወንበር ተዘጋጅቷል፤ ከመስኮቱ በኩል ሦስተኛው ነው። ሄጄ አይቼዋለሁ።

ዜናው ከወጣ ወዲህ ከሰባት መቶ በላይ ሰው «እንኳን ደስ አለሽ» ብሎሻል። ከኦጎልቾ የጻፉ አሉ፣ ከዱባይ የጻፉ አሉ፣ የኮሌጁ የጥበቃ ኃላፊ ሁለት ጊዜ ጽፏል። እኔ አላልኩም። ከጠዋት ጀምሮ ጽፌ አጠፋሁ፣ ጽፌ አጠፋሁ። ሰኞ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ በሩ ላይ እቆማለሁ። ስትገቢ በቃሌ ልሞክረው።

ይስሃቅ ገብረወልድ